ከካርዱ ጀርባ

ዛሬ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። "ልጄ፣ የእናትህ ዓይን እንዴት ሆነ?" አሉኝ አንድ ትልቅ ሰው።

ማን እንደሆኑ ትዝ እስኪለኝ ትንሽ ቆየሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መስቀል አደባባይ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ በነበረ የነጋዴዎች መተዋወቂያ ምሽት ተገናኝተናል። ያን ቀን ወደ 30 ቢዝነስ ካርድ በትኜ፣ ያንኑ ያህል ሰብስቤ ወጣሁ። እስካሁን ለአንዱም አልደወልኩም።

እሳቸው ግን ካርዴን ገልብጠው በሰማያዊ እስክርቢቶ ቀስ ብለው ሲጽፉ አይቼ ነበር። ምን እንደጻፉ ዛሬ ጠየቅኳቸው። አነበቡልኝ፦ "እናቱ። ዓይን። ጥቅምት ቀዶ ጥገና።" በቃ ይኸው ነው። ስለ ሥራዬ አንድም ቃል የለም። ሥራዬማ ካርዱ ፊት ላይ አለ።

መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። "እቁብ ሲደርስህ ዋስ አምጣ ትባላለህ አይደል? ዋስ የሚሆንህን ሰው ግን በዕጣው ቀን አትፈልገውም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ በአንድ ምሽት ደንበኛም፣ ሸሪክም፣ ወዳጅም ይዘን መግባት እንፈልጋለን። ሰውየው እጃችንን ጨብጦ ሲያወራን ዓይናችን ቀጣዩን ሰው ይፈልጋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ከልቤ አዘንኩ።

ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ ልንጠጣ ተቀጣጥረናል።

አሁን ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እያየሁ ነው። ፊታቸው የሚታወሰኝ 4 ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ የልጇን የ12ኛ ክፍል ውጤት እየጠበቀች ነበር። እንዴት እንደሆነለት ልጠይቃት ስልኬን አንስቻለሁ።