ለመፈታት የሚጠይቅና ለመታየት የሚጠይቅ

አድቫይታ ቬዳንታ የሚባለው የሕንድ ፍልስፍና መሠረተ ሐሳቡ አጭር ነው፤ የሰው ውስጠኛ ማንነት የሆነው አትማንና የሁሉ መሠረት የሆነው ብራህማን ሁለት አይደሉም ይላል። ይህን ያህል በማጠሩም ለጨዋታ ይመቻል። ባሕር ዳር ከወዳጆቼ ጋር ቡና ይዘን ስንጨዋወት አንዱ «ዓለም ማያ ነው፣ እንደ ሕልም ነው» ሲል ሌላው «እንግዲያው ሒሳቡን አንተ ክፈል፤ ብሩም ሕልም ነው» ይለዋል፤ እንስቃለን፤ ከዚያ ክርክሩ ይሞቅና ብዙ የጠቀሰው ይረታል። በጨዋታው ቅሬታ የለኝም። የሚያሳስበኝ ጨዋታው የፍለጋውን ቦታ ሲይዝ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ትምህርት ጥንታውያን መጻሕፍት ራሳቸው ለመፈታት፣ ማለትም ካለማወቅ እስራት ነፃ ለመውጣት፣ በሚጠይቅና በሰው ዘንድ ለመታየት በሚጠይቅ ሰው መካከል ያለውን ልዩነት ደጋግመው ያነሡታል።

ኡፓኒሻድ ከሚባሉት ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ስድስተኛ ምዕራፍ ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ተልኮ፣ በ24 ዓመቱ ቬዳዎችን፣ የሕንድን ጥንታውያን ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ሁሉ ተምሮና ራሱን ከሊቃውንት ቆጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ «ያልተሰማው የሚሰማበትን፣ ያልታወቀው የሚታወቅበትን ትምህርት ጠይቀህ ነበርን?» ሲለው፣ መምህሮቼ ይህን አያውቁም ነበር፤ ቢያውቁማ እንዴት ሳይነግሩኝ ይቀራሉ? ብሎ ይመልሳል። ትዕቢቱ ገና አልበረደም፤ ጉድለቱን እንኳ ለመምህራኑ አሸክሟል፤ ሆኖም ወዲያው «አንተ ንገረኝ» ማለቱ በሩን ከፈተለት። አባቱም ጨው በውኃ ውስጥ ጨምሮ አድሮ እንዲመጣ ያዘዋል። በማግስቱ «ማታ የጨመርኸውን ጨው አምጣ» ሲለው ልጁ ውኃውን ዳብሶ ያጣዋል። «ከላዩ ቅመስ፤ እንዴት ነው?» ይለዋል፤ ጨው ነው። ከመካከሉ ያስቀምሰዋል፤ ጨው ነው። ከሥሩም እንዲሁ። 12 ዓመት ሙሉ ሲያጠና የኖረው ልጅ በዚያ ጠዋት የሚጠቅሰው ነገር አልነበረውም፤ የቀመሰውን መናገር ብቻ ነበረበት።

ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ ክርክርን አይንቁም፤ ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ለእኔም የሚያጣፍጥልኝ ይህ ነው። በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ንጉሥ ጃናካ ቀንዶቻቸው ላይ ወርቅ የታሰረባቸውን 1,000 ላሞች አቁሞ «ከሁላችሁ የሚበልጠው ሊቅ ይንዳቸው» ሲል፣ ያጅናቫልክያ የተባለው ሊቅ ክርክሩ ሳይጀመር ደቀ መዝሙሩን «ንዳቸው» ይለዋል። ሌሎቹ ተቆጥተው ከሁላችን የምትበልጠው አንተ ነህን ቢሉት፣ ለሚበልጠው እጅ እንነሣለን፣ እኛ የምንሻው ላሞቹን ነው ይላል። ከዚህ የበለጠ መታየት ምን አለ? ግን ላሞቹን የነዳው ይኸው ሰው በዚያው መጽሐፍ ሀብቱን ለሁለት ሚስቶቹ አካፍሎ ከቤቱ ሊወጣ ሲነሣ እናገኘዋለን።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ኖረ የሚነገርለት ታላቁ የአድቫይታ መምህር ሻንካራም ቢሆን የቡድሂስቶችንና ሳንክያ የሚባለውን የሌላ ፍልስፍና ሊቃውንት በብርቱ የሞገተ ተከራካሪ ነው። ነገር ግን ብራህማ ሱትራ በተባለው የቬዳንታ መሠረታዊ መጽሐፍ ላይ የጻፈውን ማብራሪያ ሲጀምር፣ ወደ ምርመራው ከመግባት በፊት አራት ነገሮች ሊኖሩ ይገባል ይላል፤ ዘላቂውን ከኃላፊው መለየት፣ በዚህም በወዲያኛውም ዓለም ለሚገኝ ጥቅም አለመጓጓት፣ ልብንና ስሜትን መግዛት፣ በመጨረሻም ለመፈታት መናፈቅ። ብዙ መጥቀስ መቻል ከአራቱ ውስጥ የለም። በስሙ በሚጠራው፣ የእርሱ ስለ መሆኑ ግን ብዙ ተመራማሪዎች በሚጠራጠሩት ቪቬካቹዳማኒ በተባለው መጽሐፍ ደግሞ የቃላት ጋጋታና የመተርጎም ብልሃት ለሊቁ መደሰቻ ቢሆን እንጂ እንደማይፈታው ተጽፏል።

ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቦታዎችን ላፈራው ለጎጃም ይህ ፈተና እንግዳ አይደለም። ጎንጅ አካባቢ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ ከዚያው ከቻንዶግያ የናራዳን ታሪክ ነገርኋቸው። «የአሕዛብ መጽሐፍ አመጣህብኝ» ብለው እንዳይቆጡ ሠግቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው በጸጥታ ሰሙኝ። ናራዳ ወደ ሳናትኩማራ ሄዶ «አስተምረኝ» ሲለው መምህሩ በመጀመሪያ የሚያውቀውን እንዲነግረው ይጠይቀዋል፤ እርሱም አራቱን ቬዳዎች፣ የጥንት ታሪኮችን፣ ሰዋስውን፣ ሒሳብን፣ አመክንዮን፣ የከዋክብትን ዕውቀት ሁሉ ከደረደረ በኋላ፣ ቃሉን አውቃለሁ፣ ራሴን ግን አላውቅም፤ ራሱን ያወቀ ኀዘንን ይሻገራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ኀዘን ላይ ነኝና አሻግረኝ ይለዋል።

የኔታ ጥቂት ዝም ብለው «ኀዘኑን ባይናገር ኖሮ መምህሩ ከየት ይጀምርለት ነበር?» አሉኝ። እኔም ለመታየት የሚማረውን ተማሪ በምን እንደሚለዩት ጠየቅኋቸው። «ቅኔው ያማረለት ሁሉ ታበየ እንዳትል፤ ያላማረለትም ሁሉ ትሑት አይደለም። እኔ የማየው ሳርመው ነው። ቃሉን ስጥልበት አንዱ ቅኔውን ያያል፤ አንዱ የጓደኞቹን ፊት ያያል» አሉኝ። ስለ አድቫይታ ካነበብኋቸው ማብራሪያዎች ብዙዎቹ ይህን ያህል አልረዱኝም።

መታየት ደግሞ በጥቅስ ብቻ አይመጣም። የአድቫይታ መምህር ተደርጎ የሚታየው ራማና ማሃርሺ በ1896 እ.ኤ.አ. ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በደቡብ ሕንድ ማዱራይ ውስጥ ድንገተኛ የሞት ፍርሃት ይይዘዋል፤ እንደ ሬሳ ተዘርግቶ የሚሞተው ምን እንደ ሆነ በራሱ ላይ መረመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ትቶ ቲሩቫናማላይ ወደተባለችው ከተማ ገባ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. እስኪያርፍም ከዚያ አልወጣም። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄው ዛሬ የሰውን አፍ መዝጊያ ሆኗል። ደብረ ማርቆስ አንድ ለቅሶ ቤት፣ መጽሐፍ ያነበበ ወጣት ወንድሙን የቀበረውን ሰው «ለመሆኑ ያዘነው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ሰምቻለሁ። አጠገቡ የነበሩ አዛውንት «ልጄ፣ ንፍሮህን ብላ» ብለው አሳረፉት።

ሳናትኩማራ ናራዳን እንዲህ አላለውም። የተማርኸው ሁሉ ስም ነው ካለው በኋላ፣ ናራዳ «ከስም የሚበልጥ አለን?» ሲለው ወደ ንግግር፣ ከንግግር ወደ አእምሮ፣ እንዲህ እያለ በጥያቄው ልክ ደረጃ በደረጃ ይዞት ይሄዳል። እስትንፋስ ላይ ሲደርሱ ናራዳ ከዚህ የሚበልጥ አለን ብሎ መጠየቁን ይተዋል። መምህሩ ግን እዚያ አልተወውም፤ ሳይጠየቅ ወደ እውነት፣ ከእውነትም አልፎ ወሰን ወደሌለው ሙላት ይወስደዋል።