ፕሮፌሰሮቹ አንደኛ ክፍል ገቡ

ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተፈተንኩ። ሥራው የአንደኛ ደረጃ የንባብ መምህራንን ማሰልጠን ነው። ፈተናው ደግሞ 20 ደቂቃ ማስተማር፤ ተማሪዎቼ ፕሮፌሰሮች!

ራሴ የፈጠርኳቸውን አምስት ምልክቶች ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። የእያንዳንዱን ድምፅ አንዴ ነገርኳቸው። ከዚያ "በሉ አንብቡ" አልኩ። ጸጥ። አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ። ሦስተኛው ምልክት ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጠፋባቸው። ጎኑ ያለውን ሥዕል አየት አደረጉና "ድመት!" አሉ። የተጻፈው "ነብር" ነበር። ሳቁ አይጣል ነው።

ግን ጀማሪ አንባቢ በየቀኑ የሚገጥመው ይኸው ነው። ሐሳቡ ሁሉ ፊደል በመለየት ስለሚጠመድ ለትርጉሙ ቦታ አይተርፈውም። ሲጨንቀው ይገምታል። እኛ ደግሞ "አላጠናም" እንላለን።

ከጥያቄዎቹ ግማሹ ስለ ጥናታዊ ጽሑፎቼ ብዛት ነበር (ጠብቄዋለሁ)። ስንት ዓመት አንደኛ ክፍል እንዳስተማርኩ የጠየቀኝ የለም። አንዲት መምህርት ግን "አጥርቶ እያነበበ ምንም የማይገባውን ልጅስ?" አሉኝ። ደስ አለኝ! የንባብ ተመራማሪዎቹ ጎፍና ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሉትን አነሳሁ፦ አንብቦ መረዳት የሚገኘው ፊደል የመፍታት ችሎታና ቋንቋን መረዳት ሲባዙ ነው። ሲደመሩ አይደለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ። ለዚያ ልጅ ተጨማሪ የፊደል ልምምድ ምን ይፈይድለታል? ቃላት ነው የሚያስፈልገው፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብለት ታሪክ።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስወጣ አንጋፋው ፕሮፌሰር ኮሪደር ላይ ያዙኝና ምልክቶቹ ያሉበትን ወረቀት ለመኑኝ። ቤታቸው ሊለማመዱ ነው።