ሳይደርስ ለቀረ ጉዳት ማን ይሸለማል?

እ.ኤ.አ. በ1989 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሦስት ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች በአንድ ዓመት ወሰዱ። ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእንዶድ ምርምራቸው፣ ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ የአገራችንን የሰብል ዝርያዎች ከመጥፋት በታደጉበት ሥራ ተመረጡ። የአካባቢ ጥበቃና የምግብ ደህንነት ተመራማሪዎችን በምን መልክ እንደምናከብር፣ ማንን ደግሞ እንደምንዘነጋ ባሰብሁ ቁጥር ወደዚያ ዓመት እመለሳለሁ።

አክሊሉ ለማ ነገሩን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ሞተው የሚገኙት ቀንድ አውጣዎች ከሌላው የወንዙ ክፍል በዝተው አዩ፤ የበሽታው ተውሳክ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በእነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነውና። ከውጭ የሚገባው ቀንድ አውጣ ገዳይ ኬሚካል ለድሃ አገር በማይቀመስበት ዘመን፣ ከአጥር ጥግ የሚለቀም ፍሬ ያንኑ ሥራ መሥራቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ከዐድዋ ወንዝ እስከ ስቶክሆልም መድረክ 25 ዓመት ፈጀ። አፍሪካ ውስጥ የተገኘ መረጃ በውጭ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ አይታመንም የሚለው አመለካከት ከሳይንሱ ይልቅ እንደፈተናቸው አክሊሉ ራሳቸው ተናግረዋል።

ከሽልማቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው በጋበዛቸው ጊዜ፣ በአካባቢው ሐይቆች የውኃ ቧንቧ ይደፍን በነበረው ዜብራ መስል በተባለው ባለዛጎል እንስሳ ላይ እንዶዱ ይሞከር ጀመር፤ ሙከራው ሠመረ፤ የተገኘውም ፓተንት የዩኒቨርሲቲው ሆነ። የአክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ ጋር ሰፍሯል፤ እንዶዱን ከትውልድ ትውልድ ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች ግን በሰነዱ ላይ የሉም። መላኩ ወረደ እንዲህ ዓይነቱን መዘንጋት አስቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከሉን በመሩበት ዘመን፣ የዝርያዎቹ ናሙና አዲስ አበባ ውስጥ በማቀዝቀዣ መቀመጡ ብቻውን አላረካቸውም፤ ገበሬው በየማሳው እየዘራ፣ እየመረጠ እንዲያቆያቸው አድርገዋል፤ ገበሬውንም የሥራ ባልደረባ አድርገው ቆጥረውታል።

የምግብ ደህንነት ተመራማሪ ዕጣ ግን ከዚህም ይከብዳል። አዲስ ዝርያ ያወጣ ሰው ማሳውን ያሳያል፤ ወተት ውስጥ መርዝ ያገኘ ሰው የሚያሳየው ሁሉንም የሚያስከፋ ቁጥር ብቻ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ፣ የአውሮፓ ኅብረት አፍላቶክሲን ኤም1 ለተባለው መርዝ ካስቀመጠው በኪሎግራም ወተት የ0.05 ማይክሮግራም ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩ መኖው ሲሆን በተለይ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ተረፈ ምርት፣ ተጠቃሽ ነው። በእርጥበት የተከማቸ ፋጉሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ቢ1 የተባለውን መርዝ ያመነጫል፤ ላሚቱ ስትበላው ጉበቷ ወደ ኤም1 ይለውጠውና በወተቷ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም። ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ሲጠራቀም ደግሞ የጉበት ካንሰር ያስከትላል ተብሎ ይፈራል።

ምርመራው በቅርብ ሲታይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ወተቱ በማሽን ተሽከርክሮ ስቡ ከላይ ይገፈፋል፤ የቀረው በፒፔት እየተለካ ከጣት ጥፍር ባነሱ የፕላስቲክ ጉድጓዶች ይንጠባጠባል፤ ተራ በተራ የሚጨመሩት ፈሳሾች መጀመሪያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ቢጫ ቀለም ይሰጡታል። ቢጫው የደመቀበት ጉድጓድ ንጹሕ ነው፤ የፈዘዘበት መርዝ የበዛበት ነው። መመርመሪያው ኪት ከውጭ በምንዛሪ ይገባል፤ ቅዝቃዜውን ሳይለቅ መድረስ አለበት፤ የአገልግሎት ጊዜውም አጭር ነው። ጉምሩክ ላይ ከዘገየ የወራት ዕቅድ እንዳልነበረ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሠራው የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን በጥናቱ መጨረሻ በምስጋና ገጽ ከተጠቀሰ ዕድለኛ ነው።

ውጤቱ በዜና ሲነገር ደግሞ ሸማቹ ወተት ይሸሻል፣ ላም አርቢው ይከስራል፣ ተመራማሪውም ገበያ ያበላሸ ሰው ይባላል። ምክሩ ተሰምቶ ፋጉሎው በደረቅ ቦታ ቢቀመጥና መርዙ ቢቀንስስ? በካንሰር ሳይያዝ የቀረውን ሰው ማንም ስሙን አያውቀውም፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ቆሞ ተመራማሪውን የሚያመሰግን ሰው አይገኝም።

በበኩሌ የዋንጫና የምስክር ወረቀት ሥነ ሥርዓት አልጠላም፤ ወጣት ተማሪዎችን እንደሚያበረታታ አይቻለሁ። ነገር ግን ዕጩ የሚመርጡ ኮሚቴዎች ከኅትመት ብዛት በፊት አንድ ነገር ቢጠይቁ እወዳለሁ፦ ተመራማሪው ጉዳቱን ካሳወቀ በኋላ ማን ምን አደረገ? የኑግ ዘይት መጭመቂያዎች ፋጉሏቸውን ከመሸጣቸው በፊት የሚያስመረምሩበት ቦታ ተዘጋጀላቸው? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ወተት፣ ከዚያው አካባቢ፣ በዚያው ዘዴ እንደገና እንዲለካ በጀት ተያዘ? ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የሚሸለሙት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ከፕሮፌሰሩ ጋር ናሙናውን የቀዳው ቴክኒሺያንና ፋጉሎውን ከመሬት አንሥቶ በቆጥ ላይ ያስቀመጠው አርቢ ሊገቡ ይገባል።