ጀሪካኑ

ዛሬ ማንም ምንም ሳይለኝ ሆድ ብሶኛል። ዝናቡ ይሆናል። በጊዜ ተጠቅልዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን የለም። ደረጃው ላይ ጀሪካን ይጎተታል። አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ናቸው። ሁለት ደረጃ ይወጣሉ፣ ጀሪካኑን ዱብ ያደርጉታል፣ «እፎይ፣ እመብርሃን!» ይላሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ።

እኛ ብሎክ ውሃው እስከ ሁለተኛ ፎቅ በራሱ ይወጣል። ከዚያ በላይ ፓምፕ ይፈልጋል። እሑድ ለፓምፑ እናዋጣ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ታችኞቹ በለጥን፤ ወደቀ። እኔ? ምድር ቤት ነኝ። እጄን መቼ እንዳወጣሁ ታውቃላችሁ።

ከሰው ሁሉ ደግሞ ሩሶ ትዝ ይበለኝ! ያ የጄኔቫ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ማኅበራዊ ውል» ውስጥ ሁለት ነገር ይለያል። አንዱ የየግል ፍላጎታችን ድምር ነው። ሌላው የጋራ ፈቃድ የሚለው። ድምፅ የሚሰጥ ሰው «ለእኔ ይበጀኛል ወይ?» ሳይሆን «ለሁላችን ይበጃል ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ ባይ ነው። እሑድ ዕለት ሁለተኛውን የጠየቀ አላየሁም። እጅ ቆጠርን፣ ቃለ ጉባኤ ፈረምን፣ ተበተንን።

እንግሊዞችንም ይተርባቸዋል። ነፃ የሚሆኑት የፓርላማ አባላት ሲመርጡ ብቻ ነው፤ መርጠው ሲጨርሱ ባሪያ ናቸው ይላል። ይህችን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ብቻዬን አጨብጭቤያለሁ። ዛሬስ የት አገር አትሠራም?

ግን ደግሞ ያስፈራኛል። የጋራ ፈቃዱን አልቀበልም ያለ ሰው ነፃ እንዲሆን ይገደዳል ይላል። በግድ ነፃ! የፈረንሳይ አብዮት መሪ የነበረው ሮቤስፒየር ሩሶን ሲበዛ ይወደው ነበር፤ በ1793 እና በ1794 ፓሪስ ላይ አንገት መቁረጫው ጊሎቲን ሥራ አልፈታም። ጉዱ የሚመጣው የጋራ ፈቃዱ እኔ ጋ ነው የሚል ሲነሳ ነው። ማይክ የጨበጠ ሁሉ «ሕዝቡ የሚፈልገው…» ብሎ ሲጀምር ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። የኮሚቴያችን ሰብሳቢም እንዲሁ ነው የሚጀምረው። ደግነቱ እሱ ያለው የቆጣሪ ቤት ቁልፍ ብቻ ነው።

ሩሶ ራሱስ! አምስት ልጆቹን ፓሪስ ውስጥ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቶ፣ በዚያችው በ1762 ስለ ልጅ አስተዳደግ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ይህን ሳስብ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳቄ መጣ። ቀለልም አለኝ። እኔ እኮ የከለከልኩት ፓምፕ ነው።

ደረጃው ጸጥ ብሏል። ጀሪካኑ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። ደርሰው ይሆን፣ ወይስ ሦስተኛ ላይ ቁጭ ብለው?