ሰብሳቢውን ትቼ ወንበሮቹን መቁጠር ስጀምር

አንድ የእድር ሰብሳቢ ቀስ በቀስ የሰፈሩ ሁሉ ጌታ ስለሚሆንበት ሁኔታ ልብ ወለድ መጻፍ ስጀምር ታሪኩ የሰብሳቢው መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ ሰውየውን አንደበተ ርቱዕ፣ ብልጥና ጨካኝ አድርጌ ሳልኩት፤ አባላቱም ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ ይፈሩት ነበር። ዘጠና ገጽ ያህል ከጻፍኩ በኋላ ረቂቁን ለእናቴ ሰጠኋት፤ በሰፈራችን እድር ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ያዥ ሆና ስለሠራች ስሕተት ብትነቅስልኝ ብዬ ነው። አንብባ ስትጨርስ ስለ ሰውየው ጭካኔ አንድም ነገር አላነሳችም። «እንዲያው ልጄ፣ ይኼን ሰውዬ ሲመርጡት ስንት ሰው ነበር የተሰበሰበው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዋ የድርሰቱን መሠረት አናጋው። በረቂቄ ውስጥ ሰዎቹ ዝም የሚሉት ስለሚፈሩ ነበር፤ ነገር ግን ሰብሳቢው ገና የሚያስፈራበት አቅም ሳይኖረው ማን ምን ብሎ ይፈራዋል? ፍርሃቱ ሥልጣኑን ካገኘ በኋላ የሚመጣ እንጂ ሥልጣኑን ያስገኘለት ነገር አልነበረም። ያስገኘለት ማንም ሳያስፈራራው ሰው ሁሉ ከስብሰባ የቀረበት እሑድ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመፈተሽ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመውን «አኒማል ፋርም» እንደገና አነበብኩ፤ የእርሻ እንስሳት ባለቤታቸውን አባርረው ሲያበቁ አሳማዎቹ በተራቸው ጌታ የሚሆኑበት ልብ ወለድ ነው። ቀድሞ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው አሳማው ናፖሊዮን ባሳደጋቸው፣ ኋላም ሌሎቹን በሚያስፈራራባቸው ውሾች ላይ ነበር፤ በዚህኛው ንባብ ግን ውሾቹ አድገው ከመምጣታቸው አስቀድሞ ወተቱ መጥፋቱን አስተዋልኩ። አምስት ባልዲ ወተት ማታ ላይ የለም፤ እንስሳቱም ይህን ልብ ይላሉ፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ማጉረምረም የሚሰማው ፖሙ ለአሳማዎቹ ብቻ እንዲሆን ሲታዘዝ ነው፤ እሱም ወዲያው ይበርዳል። ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ግን አህያው ቤንጃሚን ነው። እንደ አሳማዎቹ አቀላጥፎ ያነባል፤ ሆኖም ባዝራዋ ክሎቨር ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሕግ አንብብልኝ ስትለው በእንዲህ ያለ ጉዳይ አልገባም ብሎ ይመልሳታል፣ እሷም ፍየሏን ሙሪየልን ታስነብባለች። ይህ አህያ ጮኾ የሚያነበው ወዳጁን ፈረሱን ቦክሰርን ሊወስድ በመጣው ጋሪ ላይ የፈረስ አራጅ ስም ተጽፎ ባየ ቀን ነው፤ አንብቦ ሲጨርስም ጋሪው ይነሳል። ቤንጃሚን ፈሪ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ብቻ ጉዳዩ የእሱ አልመሰለውም።

ሁለተኛውን ረቂቅ ከሰብሳቢው ሳይሆን ከመተዳደሪያ ደንቡ ጀመርኩ። የፈጠርኩት እድር 212 አባላት አሉት፤ ምልዓተ ጉባኤው ግማሽ ሲደመር አንድ፣ ማለትም 107 ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ይህ ቁጥር ካልተሟላ በሁለተኛው ጥሪ በተገኘው አባል እንዲወሰን ደንቡ ይፈቅዳል። ሰብሳቢዬ ከዚህች አንቀጽ በቀር ሌላ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ የመጀመሪያውን ስብሰባ ሰው ሁሉ ሠርግ በሚሄድበት ቀን ይጠራል፣ በሁለተኛው የፈለገውን ያስወስናል። ቀጥሎ ከስብሰባ የቀረ አባል የሚከፍለውን ቅጣት አነሳ። ውሳኔው በጭብጨባ አለፈ፤ አንዲት አዛውንትም መረቁት። (ይህን ምዕራፍ ስጽፍ የራሴ እድር ስብሰባ አምልጦኝ 50 ብር ተቀጥቻለሁ።) የቁጥጥር ኮሚቴው ደግሞ የተጠቆመው ሁሉ «ጊዜ የለኝም» ስላለ ባዶውን ከረመ።

አስቸጋሪው ነገር ግድየለሽነት በትዕይንት የማይታይ መሆኑ ነው፤ ያልመጣን ሰው እንዴት አድርገው ይጽፉታል? ብዙ ከደከምኩ በኋላ መፍትሔውን የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ዘንድ አገኘሁት። ሰውየው በመጀመሪያው ምዕራፍ 100 የፕላስቲክ ወንበር ይደረድራል፤ ማንም ያልተቀመጠባቸውን መልሶ መከመር ስለሚሰለቸው በሚቀጥለው 60 ያወጣል፣ ከዚያም 30። ባሏ የሞተባት ሴት ድንኳን ተከልክላ ሰፈሩ ተቆጥቶ ግልብጥ ብሎ ሲመጣ ወንበሩ ያው 30 ነው፤ ወንበር ያላገኘው ሰው ቆሞ ይከራከራል።

ሌላው ጥፋቴ ከስብሰባ የቀሩትን አባላት ሰነፎችና ራስ ወዳዶች አድርጌ መሳሌ ነበር። እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ አንባቢ እኔን አይመስልም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አንባቢ የሚቀበለው ምክንያት ሰጠኋቸው፤ «ዝም አይነቅዝም» እያለ የሚስቀው ታክሲ ነጂ እሑድን ካልሠራ የመኪናውን ዕዳ አይከፍልም፤ ነርሷም ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ ተኝታለች። እናቴ የነርሷን ምዕራፍ አንብባ ገጹን ሳትገልጥ ቆየችና «እሷስ ምን ታድርግ?» አለች። ከዚያ ቀጥሎ ለነርሷ የሚገባትን ተግሣጽ አራት ገጽ ጽፌላት ነበር፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ቆርጬ አወጣሁት።