በበጋ የተጫነ ጨው ክረምት ሲገባ ሻንሲ ይበላል

እኛ አገር ጨው እንደ በረዶ አገሮች አስፋልት ላይ አይበተንም፤ ካሶኒ፣ የፒክአፑ የኋላ መጫኛ ላይ ነው የሚጫነው። የከብት ጨው ከጎንደር ወደ ደምቢያና ጭልጋ ሲወርድ፣ የምግብ ጨው ከጅምላ ሻጭ ወደ ሱቅ ሲከፋፈል፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ የሚመላለሰው ያው ፒክአፕ ነው። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰው ተጠርጎ ይጣልና መኪናው ንጹሕ ይመስላል። ያልተጠረገው ግን በካሶኒው ወለል ስፌትና በብሎኖቹ ዙሪያ ሾልኮ ወርዶ ሻንሲው፣ መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም ላይ ተቀምጧል።

ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ሲያልፍ ከአየሩ ውሃ ስቦ ራሱን ያሟሟል፤ ዝናብ እንኳ ሳይነካው። ጎንደር በበጋ አየሯ ደረቅ ስለሆነ ስፌት ውስጥ የገባው ጨው እስከ ሚያዝያ ዝም ብሎ ይተኛል። ሰኔ ሲገባ ይነሣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ቀንና ሌሊት ሳይደርቅ ይሠራል። ብረት ለመዛግ ውሃና ኦክስጅን ብቻ ይበቃዋል። ጨው ሲጨመርበት ውሃው ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ክሎራይዱም የብረቱን ስስ መከላከያ ይሰብራል፤ ዝገቱ የሚፈጥነው በዚህ ነው። ዋልካ ጭቃ ከተለጠፈበት ደግሞ ይብሳል፤ ዋልካ ውሃ ይዞ የሚቆይ አፈር ስለሆነ ላዩ ደርቆ ሳለ ብረቱን የነካው ጎን ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ መሠራት ያለበት ግንቦት ላይ፣ ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ነው። ነሐሴ ላይ ዝገት አይቶ ቀለም መቀባት ውሃውን ከብረቱ ጋር አብሮ መቆለፍ ይሆናል።

መጀመሪያ ምርመራ። መኪናውን ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙት፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የእጅ ባትሪ፣ ግማሽ ኪሎ መዶሻና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይበቃል። ሻንሲውን ከፊት ወደ ኋላ በየ10 ሳንቲሜትሩ በቀስታ ምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ይላል፣ ዝገትም ያራግፋል። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ በካቻቢቴው ጫፍ ግፉት። የምትቆዩበት ቦታ ሻንሲው ከኋላ አክስል በላይ ወደ ላይ የሚታጠፍበት ክፍል፣ የባሌስትራው መያዣ ሥርና ካሶኒው በሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው እግሮች ናቸው። ጎማው የሚረጨው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፣ የላቫጆ ውሃ ደግሞ እዚያ አይደርስም።

ካሶኒው እግር አጠገብ ያለውን አንድ ብሎን ተጠግታችሁ እዩት። ዙሪያው ላይ ቀለሙ የምስር ፍሬ የሚያህል እብጠት አውጥቶ ይሆናል። በጥፍር ሲነኩት ይፈረከሳል፣ ከሥሩ ቡናማ ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ይወጣል። ዝገት ከተነሣበት ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ የሚያነሣው ለዚህ ነው። እብጠቱ ምስር ሲያክል፣ ከቀለሙ ሥር የተበላው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋል።

የፍሬን ቱቦዎቹን ለብቻ እዩዋቸው። ከሻንሲው ጋር በክሊፕ በተያዙበት ቦታ ጨውና ጭቃ ይሰበሰባል። ቱቦው ላይ ቅርፊት ወይም ጉድጓድ ካለ አይቀባም፣ ይለወጣል። በዚህ ላይ ምንም ክርክር የለም፤ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የሚፈነዳ ቱቦ ሕይወት ይወስዳል።

እጥበቱ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ሙቅ ውሃ ግን አይፈልግም። ጨው በቀዝቃዛም በሙቅም ውሃ እኩል ለማለት ይቻላል ይሟሟል፤ 1 ሊትር ውሃ 350 ግራም ያህል ይሸከማል። ሳሙና ቅባትን ያነሣል እንጂ ለጨው የሚጨምረው ነገር የለም። በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሻንሲ አይታጠብም፤ ለሥሩ ብቻ ከ150 እስከ 200 ሊትር ያዙ። የውሃ ጎማውን ከፕላስቲክ ቱቦ ጋር አያይዛችሁ በሻንሲው ጎን ባሉት ቀዳዳዎች አስገቡና ከፊት ወደ ኋላ ውስጡን እጠቡ፤ የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል አታቁሙ። መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ በመጨረሻም የዝገት ቅርፊት ይወጣል። ግፊት ያለውን ማጠቢያ በመገጣጠሚያ ውስጥ ወደሚገቡት ቦኮላና ጎሚኒ (ላስቲክ)፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬትም በቅርብ አትደግኑ። ወንዝ ውስጥ አግብቶ ማጠብ ግን ይቅር። የአንገረብ ግድብ የከተማው የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነው፣ ከሻንሲ የሚወርደው ዘይት እዚያ መድረስ የለበትም።

ከዚያ ማድረቅ። ፀሐይ ላይ ሁለት ሙሉ ቀን አቁሙት፣ የሻንሲውን ውስጥ በኮምፕሬሰር ንፉት። ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ተመልሶ ከታየ ጨው ቀርቷል ማለት ነው፤ እንደገና ይታጠባል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከቀለም በታች የቀረ ጨው ውሃ በቀለሙ አሳልፎ ይስባል፣ በዓመቱ ያው እብጠት ይመለሳል።

ላዩን ብቻ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በ120 ፈትጉት። ቅርፊት ያለውን በግራይንደር የሽቦ ብሩሽ፤ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ግን አድርጉ። በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ጠርጉት፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት ተከላካይ ቀለም) ቀቡት፤ የተፈተገ ብረት ሌሊት ጤዛ ካገኘው ጠዋት ቀልቶ ይጠብቃችኋል። ሁለት እጅ ይቀባል፣ በመካከሉ ጣሳው ላይ የተጻፈው ሰዓት ይጠበቃል። ጫፍና ብየዳ ላይ ቀለም ስለሚሳሳ እነሱን አስቀድማችሁ በብሩሽ ንኩ። ለአንድ ደብል ጋቢና ሻንሲ 1 ሊትር አካባቢ ይበቃል።

የተበሳ ሻንሲ በስቱኮ አይደፈንም። ስቱኮ ጭነት አይሸከምም፣ ቀዳዳውን ደብቆ ውሃ ያቁራል። የተበላው ተቆርጦ በእኩል ውፍረት ላሜራ ይበየዳል፤ ከብየዳው በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፣ አለዚያ የሞተሩ ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።

ቀለም የማይደርስበት የሻንሲው ውስጥ ዘይት ያስፈልገዋል። ጥሩ የጎንደር መፍትሔ ሰም ነው። 1 ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት ላይ 150 ግራም ያህል የንብ ሰም ጨምሩ፣ ድስቱን በሌላ የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡና አማስሉ። ሰሙ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም አታድርጉት፣ ቤንዚንም አትጨምሩበት። ገና ሙቅ ፈሳሽ እያለ በመርጫና በረዥም ቀጭን ቱቦ ወደ ሻንሲው ውስጥ ይረጫል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይረጋል። ዘይቱ ወደ ስፌቱ ይሰርጋል፣ ሰሙ ታጥቦ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ለአንድ መኪና 3 ሊትር አዘጋጁ። ማርሚታና የጭስ ቱቦው፣ የፍሬን ዲስክና ሸራ፣ ጎሚኒዎቹም ሁሉ ሳይነኩ በላስቲክ ይሸፈኑ። ስትጨርሱ የሻንሲውና የበሮቹ የታች ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውን በሽቦ አረጋግጡ። ከመተማ ሰሊጥ የሚጭን መኪና በሩ ሥር ሰሊጥና ገለባ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ በሩ ሲዘጋ የውሃ ድምፅ ከተሰማ ይኸው ነው።

በየጋራዡ የሚለመዱ ሦስት ነገሮች ጉዳት ያመጣሉ። ሬንጅ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ከላይ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ሥሩ ይበሰብሳል። የተቃጠለ ዘይት አሲድና የብረት ብናኝ አለው፣ ጎሚኒ ያሳብጣል፣ አቧራም ይሰበስባል። በባትሪ አሲድ ዝገት ማስለቀቅ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ስፌት ውስጥ የቀረው አሲድ ብረቱን መብላቱን አያቆምም።

ካሶኒው ላይ ጨው ወይም ማዳበሪያ ከመጫናችሁ በፊት ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፣ ጠርዙን እስከ ስፖንዳው (የካሶኒው ግድግዳ) ግማሽ ወደ ላይ እጠፉት፣ ጆንያውን በእንጨት ላይ አስቀምጡት። ኤንፒኤስ አሞኒየምና ሰልፌት ስላለው እንደ ጨው ነው የሚቆጠረው። የበግና የፍየል ሽንትም ጨው አለውና ከገበያ ሲመለስ በዚያው ቀን ይታጠብ። ካሶኒው ላይ ተነጥሎ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ልባስ ካለ በዓመት ሁለት ጊዜ አውጡት፤ እየተንቀሳቀሰ ቀለሙን ይፍቃል፣ ጨውና ውሃ ደግሞ ከሥሩ ይታቀፋል።

ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። ከጭቃ መንገድ በተመለሳችሁ ቁጥር ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ) ውስጥ ያለውን ጭቃ ሳይደርቅ በእጅ አውጡ፣ ፍልሰታ አካባቢ ሰሙ የለቀቀበትን ቦታ አይታችሁ ደግሙት፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ሥሩን ሙሉ እጠቡ።

ያገለገለ ፒክአፕ የምትገዙ ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ቀዝቃዛ ግዛቶች በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን እዚያ የኖረ መኪና ጎንደር ሳይደርስ ዝገቱን ጀምሯል። ቶዮታ ራሱ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለተሸጡት ከ1995 እስከ 2000 ሞዴል ታኮማዎች የሻንሲ ዝገት ዋስትናን ወደ 15 ዓመት ያራዘመው በዚህ ችግር ነው። ላዩ አሮጌ፣ ሥሩ ግን ትናንት የተቀባ ጥቁር የሆነ መኪና ካያችሁ መዶሻውን ከመክፈላችሁ በፊት አውጡ። ሻጩ ሻንሲ አይመታም ካለ ዋጋውን አትነጋገሩ።