ትእዛዙን የሰጠው ማን ነበር? በስንት ሰዓት?

ገንዘቡን ለሰነደ መዋዕለ ንዋይ (እንደ አክሲዮንና ቦንድ ላሉ ሰነዶች) ደላላ አደራ የሰጠ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በየጊዜው የሚደርሰውን የሒሳብ መግለጫ ብቻ ነው። መግለጫው ምን እንደተገዛ፣ በስንት እንደተሸጠና ምን ያህል ኮሚሽን እንደተቆረጠ ያሳያል፤ ግብይቱን የወሰነው ደንበኛው ራሱ ይሁን ደላላው ግን ከመግለጫው ላይ አይታወቅም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ደላላው እንዲይዝ በሕግ የሚገደደው መዝገብ ነው።

በአሜሪካ በ1934ቱ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ልውውጥ ሕግ መሠረት የወጡ ሁለት ደንቦች አሉ፤ ደንብ 17ኤ-3 ምን መመዝገብ እንዳለበት፣ ደንብ 17ኤ-4 ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ መቀመጥ እንዳለበት ይደነግጋሉ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ በሚዘጋጀው ማስታወሻ ላይ ሒሳቡ፣ የትእዛዙ ዝርዝር፣ ትእዛዙ ከደንበኛው የደረሰበትና ወደ ገበያ የተላከበት ሰዓት፣ እንዲሁም የተፈጸመበት ዋጋና ሰዓት ይሰፍራሉ። ደላላው በተሰጠው ሥልጣን በራሱ ውሳኔ ያዘዘው ከሆነም ይኸው መመልከት አለበት። ከመዝገቡ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ማስታወሻ ነው።

ብዙ ሒሳቦችን የሚያስተዳድር ደላላ ጠዋት አንድ አክሲዮን በጅምላ ገዝቶ ለየትኛው ደንበኛ እንደገዛው ሳይጽፍ ዋለ እንበል። ከሰዓት በኋላ ዋጋው ከጨመረ ግዢውን ለራሱ ወይም ለሚያደላለት ደንበኛ ይመዘግባል፤ ከወረደ ደግሞ ብዙ ለማይጠይቅ ሰው ያሸክመዋል። ግዢው እውነተኛ ነው፣ ዋጋውም ትክክል ነው፣ ኮሚሽኑም በአግባቡ ተሰልቷል፤ የተጎዳው ደንበኛ መግለጫውን መስመር በመስመር ቢያነብ እንኳ ስሕተት አያገኝበትም። ማጭበርበሩን በቀጥታ የሚያጋልጠው ግዢው ለማን እንደሆነ መቼ እንደተጻፈ የሚያሳየው ሰዓት ነው።

ሥልጣኑ ራሱም በቃል አይሰጥም። «አንተ እንደመሰለህ አድርግ» የተባለ ደላላ ሥልጣን አገኘ ማለት አይደለም፤ የደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድና ደላላው የሚሠራበት ድርጅት ተቀባይነት ያስፈልጋሉ፣ በዚህ ሥልጣን የተሰጠ እያንዳንዱ ትእዛዝም ሳይዘገይ በጽሑፍ መጽደቅ አለበት። ደንበኛው የአክሲዮኑን ዓይነትና ብዛት ወስኖ ሰዓቱንና ዋጋውን ብቻ ለደላላው ሲተው ግን ነገሩ ይለያል፤ ይህ ነጻነት በመርህ ደረጃ ከዚያው የግብይት ቀን አያልፍም።

በደንበኛው እጅ የሚገባ አንድ መዝገብም አለ። ደላላው ምክር በሚሰጥባቸው የግለሰብ ሒሳቦች ላይ ገቢን፣ የሀብት መጠንንና የኢንቨስትመንት ዓላማን የያዘው ቅጽ ሒሳቡ በተከፈተ በ30 ቀናት ውስጥ፣ ከዚያም ቢያንስ በየ36 ወሩ ለማረጋገጫ ይላካል። ብዙ ሰው ሳያነበው ወደ ጎን ያደርገዋል። ዋናውን ገንዘብ ሳይነካ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ቅጹ ላይ «ከፍተኛ ዕድገት» ተብሎ ተሞልቶለት ዝም ካለ፣ ክርክር በተነሳ ጊዜ ደላላው የሚያቀርበው ማስረጃ ይኸው ቅጽ ይሆናል።

የማቆያ ጊዜውን በተመለከተ የዕለት ግብይት መዝገብና ሌጀር (ዋናው የሒሳብ መዝገብ) ለ6 ዓመት፣ የትእዛዝ ማስታወሻና የደብዳቤ ልውውጥ ለ3 ዓመት መቀመጥ አለባቸው፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታትም በቀላሉ በሚገኝ ቦታ። ውሳኔው የማን እንደነበረ የሚናገረው ሰነድ አጭሩን ዕድሜ ማግኘቱ ለእኔ አይዋጥልኝም። ድምሩን በኋላ ከባንክና ከገበያ መረጃ መልሶ መሥራት ይቻላል፤ የትእዛዙን አመጣጥ ግን ከየትም ማምጣት አይቻልም።

የደብዳቤ ልውውጥ ሲባል ዛሬ በአብዛኛው የስልክ መልእክት ማለት ነው። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በ16 ድርጅቶች ላይ በድምሩ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት የጣለው ሠራተኞቻቸው የሥራ መልእክቶችን በግል ስልካቸው ሲለዋወጡ መልእክቶቹ ሳይቀመጡ በመቅረታቸው ነበር። ቅጣቱ በዛ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ አልበዛም እላለሁ። «ሽጥልኝ» የሚለው መልእክት በደላላው የግል ስልክ ላይ ቀርቶ ከጠፋ፣ በትእዛዝ ማስታወሻው ላይ «ደንበኛው አዟል» ተብሎ የተጻፈውን ኦዲተሩ ከምንም ጋር ሊያመሳክረው አይችልም።